ሞተሩን የሚያውቅ እጅ

(አጎት በወጣትነቱ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሙያ ተምሮ በርሚንግሃም የሸመገለ መካኒክ ነው። የእህቱ ልጅ እዚያው ከተማ የመካኒካል ምህንድስና ትማራለች። የሚነጋገሩት በአጎትየው ጋራዥ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከተሠራ ባለ 500 ሲሲ ቢኤስኤ ጎልድ ስታር አጠገብ ቆመው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን አይቆጡኝ። ሰዎች ይህን ሞተር በስንት እንደሚፈልጉት ያውቃሉ። እርስዎ ግን ዝናብ ባረጠበው መንገድ ሳይቀር ይዘውት ይወጣሉ። ሙዚየም ገብቶ ቢቀመጥ አይሻልም?

አጎት፦ ለምን እቆጣለሁ? ተገቢ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ግን የብረትን ጠባይ ልንገርሽ። ቆሞ የሚከርም ሞተር ሳይሠራ ያረጃል። ካርቡራቶሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። የሲሊንደሩን ግድግዳ የሸፈነው ዘይት ወደ ታች ይወርድና ብረቱ እርጥበት ይይዘዋል፤ የፒስተኑ ፋሻ ይጣበቃል፤ ጓርኒሲዮኑ ይደርቃል። ሙዚየሞች ይህን ስለሚያውቁ ዘይቱንም ቤንዚኑንም አፍስሰው ያቆሙታል። ያኔ መልኩ ይተርፋል። ድምፁ፣ ሙቀቱ፣ ንዝረቱ ግን አብሮ አይተርፍም።

የእህት ልጅ፦ መልኩስ ቀላል ነው? ክሮም የተለበጠውን ታንክ ማየት ብቻ ያጠግባል።

አጎት፦ እኔም በመጀመሪያ የወደድኩት በዓይኔ ነው። እስኪ ግን አስነሺው።

የእህት ልጅ፦ እኔ?

አጎት፦ አዎ፣ እየነገርኩሽ። የቤንዚኑን መክፈቻ ክፈቺ። ካርቡራቶሩ ጎን ያለችውን ቁልፍ ቤንዚን እስኪያንጠባጥብ ድረስ ጫን ጫን አድርጊያት። መሪው ላይ ያለችው ትንሽ ዘንግ እሳቱ የሚረጭበትን ጊዜ ታዘገያለች፤ ጥቂት መልሻት። አሁን መርገጫውን ቀስ ብለሽ ወደ ታች ግፊው። ከበደሽ አይደል? ቁሚ። ፒስተኑ አናቱ ጋ ደርሷል ማለት ነው። የጭስ ማውጫውን ቫልቭ የምታነሳውን ዘንግ ጨብጠሽ ፒስተኑን ከአናቱ ትንሽ አሳልፊው። መርገጫውን ወደ ላይ መልሺ፣ ዘንጓን ልቀቂ፣ ከዚያ በሙሉ ክብደትሽ እስከ ታች ድረስ ርገጪ። ነዳጅ እንዳትሰጪ።

የእህት ልጅ፦ እሳቱን ሳላዘገይ ብረግጠውስ?

አጎት፦ ፒስተኑ አናቱ ላይ ሳይደርስ ቤንዚኑ ይቃጠልና ወደ መጣበት ይመልሰዋል። መርገጫውም እግርሽን ይዞ ይወረወራል። እንዲህ ሆኖ ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ በስንፍና የሚረገጥ ሞተር አይደለም።

የእህት ልጅ፦ እኛ ይህን በክፍል የምንማረው በዲግሪ እየለካን፣ በወረቀት ላይ መስመር እየሳልን ነው።

አጎት፦ ወረቀቱን አትናቂው። አሁን ግን ያንኑ ዲግሪ በእግርሽ ልታውቂው ነው። በይ ርገጪ!

የእህት ልጅ፦ ተነሣ! ግን ጋሼ፣ ነዳጁን ስለቀው ይጠፋል። ሚኒሞ የለውም እንዴ?

አጎት፦ የለውም። ካርቡራቶሩ ለውድድር የተሠራ ነው፤ ሠሪዎቹ መብራት ላይ ስለመቆም አላሰቡም። አንደኛው ማርሽም በጣም ረጅም ስለሆነ ከተማ ውስጥ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላው ፍሬን በግራ እግር ነው። ያኔ የእንግሊዝ ሞተሮች እንዲህ ነበሩ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ማርሹ በግራ እንዲሆን ስትደነግግ ነው የተቀየረው። ዘመናዊ ሞተር የለመደ ሰው እዚህ ላይ ወጥቶ ሲደነግጥ ፍሬን መስሎት ማርሽ ይረግጣል።

የእህት ልጅ፦ እንግዲያው ጉድለቱ ብዙ ነው ማለት ነው።

አጎት፦ ለከተማ አዎ፤ አልክድም። በተሠራበት ቦታ ስታዪው ደግሞ ሌላ ነው። አይል ኦፍ ማን ደሴት ላይ ማንም ከሱቅ ገዝቶ በሚነዳው ሞተር የሚካፈልበት የክለብ አባላት ውድድር ነበር። ከ1949 እስከ 1956 ጁኒየር የሚባለውን የአነስተኛ ሞተሮች ዘርፍ በየዓመቱ ያሸነፈው ጎልድ ስታር ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ ሰኞ ወደ ሥራ ሄዶበት ቅዳሜ መብራቱን ፈትቶ ይወዳደርበታል። ዋንጫና እንጀራ በአንድ ሞተር ላይ ነበሩ።

የእህት ልጅ፦ እርስዎስ እንዴት አገኙት?

አጎት፦ ሰው በናቀው ጊዜ ነው ያገኘሁት። በ1969 ሆንዳ ሲቢ 750ን አወጣ። አራት ሲሊንደር፣ የፊት ዲስክ ፍሬን፣ ቁልፍ ሲጫኑት የሚነሣ ሞተር! የእንግሊዞቹ የሞተር ሳጥን ከላይ ወደ ታች ተሰንጥቆ የሚገጠም ስለነበር በስንጥቁ በኩል ዘይት ያልባል። ጃፓኖቹ አግድም ሰንጥቀው ሠሩት፤ ዘይቱም ከውስጡ አልወጣ አለ። ገዢው ወደዚያ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ቢኤስኤ በ1861 በጠመንጃ ሠሪዎች የተቋቋመ፣ በዚህ ከተማ ስንቱን ቤተሰብ ያኖረ ኩባንያ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደቀ። ሜሪደን ያለው የትራያምፍ ፋብሪካ ሊዘጋ ሲል ሠራተኞቹ በ1973 በሩን ይዘው እምቢ አሉ፤ በኋላም እስከ 1983 ድረስ ፋብሪካውን ራሳቸው በኅብረት አሠሩት። ያን ጊዜ ነው ይህን ሞተር ተበታትኖ በእንጨት ሣጥን ውስጥ ያገኘሁት። ባለቤቱ ቦታ ያዘብኝ ብሎ በርካሽ ሸጠልኝ።

የእህት ልጅ፦ የተበታተነውን እንዴት መልሰው ገጠሙት? የሚያሳይዎት ሰው ነበር?

አጎት፦ ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥና በእጁ ምንም ሳይነካ ያሠራኛል። እኔም ባዶ እጄን አልመጣሁም። አዲስ አበባ ያሠለጠነኝ አለቃዬ ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ያስተክለኝና እጀታውን ጆሮዬ ላይ እንዳደርግ ያዘኝ ነበር። «ይሄ የቫልቭ ነው ወይስ የፒስተን?» ይለኛል። ሳልመልስ እጄን ታጥቤ ምሳ አልበላም። የቫልቭ ክፍተት ሲሰፋ ቀጭን ኳኳታ አለው፤ የፒስተኑ ዘንግ ኩሽኔታ ሲበላ ደግሞ ከታች የታፈነ ምት ይመጣል። የመጀመሪያውን ብትታገሺው ኃይል ይቀንስብሻል። ሁለተኛውን ብትታገሺው ሞተሩ ተሰብሮ በሩጫ ላይ ጎማሽን ይቆልፈዋል። ያ ጆሮ አዲስ አበባ ተሠርቶ በርሚንግሃም አገለገለኝ።

የእህት ልጅ፦ ስሙ ግን ከየት መጣ? ጎልድ ስታር፣ የወርቅ ኮከብ ሲሉት ማጋነን አይመስልም?

አጎት፦ በሥራ የተገኘ ስም ነው። ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ ብሩክላንድስ የሚባል፣ በ1907 የተከፈተ፣ ጠርዙ እንደ ሳህን ወደ ላይ የተነሣ የኮንክሪት መሮጫ ነበር። በውድድር ላይ አንድ ዙር በሰዓት ከ161 ኪሎ ሜትር በላይ የዞረ ሰው ትንሽ የወርቅ ኮከብ ይሸለማል። በ1937 ዋል ሃንድሊ በቢኤስኤ ኢምፓየር ስታር ይህን አደረገ፤ ፋብሪካውም ለ1938 ያወጣውን ሞተር በሽልማቱ ስም ጠራው። ደግሞ ልንገርሽ፣ ያንን ኮከብ ከተሸለሙት ሴቶች አንዷ ባልደረባሽ ናት።

የእህት ልጅ፦ ባልደረባዬ?

አጎት፦ መሐንዲስ ነበረች፤ ቢያትሪስ ሺሊንግ። የመጀመሪያ ሞተሯን የገዛችው በ14 ዓመቷ ነው። በ1934 ራሷ ባበጃጀችው ኖርተን ሞተር ብሩክላንድስን በሰዓት 171 ኪሎ ሜትር ዞረች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች አንድ ችግር ነበረባቸው። አብራሪው ጠላትን ለመከተል አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ሲያዘነብል መርሊን የሚባለው ሞተር ካርቡራቶሩ ይዛባና ሞተሩ ለቅጽበት ይጠፋል። የጀርመኖቹ ነዳጅ በፓምፕ ስለሚረጭ ይህ አይነካቸውም። እሷ በ1941 የነዳጁን ፍሰት የምትገድብ፣ መሃሏ የተበሳ ትንሽ ብረት ሠራች። ብረቷን ለመግጠም አውሮፕላኑን ከጦር ሜዳ ማንሣት አላስፈለገም። እሷ ራሷ በአሮጌ ሞተሯ ከአየር ኃይል ጣቢያ ወደ ጣቢያ እየዞረች ሥራውን ተቆጣጠረች።

የእህት ልጅ፦ ይህን በትምህርት ቤት አልነገሩንም። ሌሎቹ ሴቶችስ?

አጎት፦ ፍሎረንስ ብሌንኪሮንና ቴሬሳ ዋላክ ናቸው። ሁለቱ ጓደኛሞች በ1934 መጨረሻ ከለንደን ተነሥተው ባለ ጎን ጋሪ ፓንተር ሞተር ይዘው ሳሃራን አቋረጡ፤ ኬፕ ታውን ድረስ ዘለቁ። አሸዋው ውስጥ ሞተሩ ሲሰበር ጋራዥ የለም። የሚፈታውም የሚገጥመውም የራሳቸው እጅ ነበር። ስለዚህ ሞተር የወንድ ነው የሚልሽ ካለ ይህን ንገሪው።

የእህት ልጅ፦ ይህ ሽታስ ምንድን ነው? ጭሱ የተለመደው የቤንዚን ጭስ አይደለም። አንድ የማውቀው ነገር ይመስለኛል።

አጎት፦ ታውቂዋለሽ! የጉሎ ዘይት ነው። አያትሽ ምጣድ የምታሰስበት ጉሎ።

የእህት ልጅ፦ ያ የጓሮው ጉሎ? ሞተር ውስጥ?

አጎት፦ እሱ ራሱ። የድሮ እሽቅድድመኞች ከማዕድን ዘይት ይልቅ የሚያምኑት እሱን ነበር፤ ምክንያቱም ብረቱ በጣም ሲግል እንኳ ሽፋኑ አይበጠስም፣ ብረቱን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። እናቶቻችን የጋለውን ምጣድ የሚያሰሱበት ምክንያትም ከዚህ ሩቅ አይደለም። ችግሩ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ሙጫ ይሆናል፤ ስለዚህ ሞተሩን ቶሎ ቶሎ ማውረድና ማጽዳት ግድ ነው። ከማዕድን ዘይት ጋርም አይቀላቀልም። በየቀኑ ለሚነዳ ሰው አይመከርም። እኔም የምጨምረው ለውድድር ቀን ብቻ ነው፤ ትናንት ከሜዳ መጥቶ ገና አላጸዳሁትም። የእንግሊዝ ሽማግሌዎች ይህን ሽታ ሲሸቱ ወጣትነታቸው ትዝ ይላቸዋል፤ እኔ ደግሞ እናቴ ቤት እገባለሁ።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ እስካሁን የነገሩኝ ሁሉ ደስ ይላል። ግን የእናንተ ሰዎች ትዝታ ሁልጊዜ ደስ የሚለውን ይመርጣል። ስለ አይል ኦፍ ማኑ ውድድር፣ ስለ ቲቲው ሲያወሩ እሰማለሁ፤ ስለ ሞቱት ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

አጎት፦ እውነትሽን ነው። እንግዲህ ሁሉንም እንነጋገር። ቲቲ የተጀመረው በ1907 ነው። በእንግሊዝ የመንገድ ፍጥነት በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ተወስኖ ስለነበርና መንገድ ዘግቶ መሮጥ ስለማይፈቀድ፣ የራሷ ፓርላማ ያላት አይል ኦፍ ማን ፈቀደች። ዛሬም የሚሮጡበት የተራራው መንገድ 60.7 ኪሎ ሜትር ነው። ከ200 በላይ ኩርባ አለው፤ በመንደር መካከል ያልፋል፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር፣ የቤት ግድግዳና የመብራት ምሰሶ ነው። ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ ጭጋግ ወዳለበት ተራራ ይወጣል። በ1957 ቦብ ማክንታየር በጂሌራ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ዙሩን በሰዓት ከ161 ኪሎ ሜትር በላይ ጨረሰ።

የእህት ልጅ፦ የ1967ቱስ? ሁልጊዜ የምትጨቃጨቁበት?

አጎት፦ ማይክ ሄይልዉድ በሆንዳ፣ ጃኮሞ አጎስቲኒ በኤምቪ አጉስታ። የሄይልዉድ ሆንዳ ጉልበት ነበረው፤ ሻንሲው ግን ያን ጉልበት አልቻለውም፣ በየኩርባው ይወዛወዛል። የአጎስቲኒ ኤምቪ ጉልበቱ ቢያንስም ጨዋ ነበር። የሄይልዉድ የነዳጅ መስጫ እጀታ ላልቶበት ቆሞ በመዶሻ መትቶ አጠበቀው። ዙሩን በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ዞረ፤ ያ ክብረ ወሰን እስከ 1975 ድረስ አልተነካም። አጎስቲኒ እየመራ ሳለ በአምስተኛው ዙር ካቴናው ተበጠሰ። ሰዎች እስከ ዛሬ ባይበጠስ ኖሮ እያሉ ይከራከራሉ። እኔ ግን ከዚያ የተማርኩት ካቴናን ነው። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት አንድ በአንድ ዓይኑን አያለሁ፤ የላላውን እለካለሁ፤ የተጠራጠርኩትን እጥላለሁ።

የእህት ልጅ፦ የሞቱትስ?

አጎት፦ በዚያ መንገድ ላይ በልምምድና በውድድር የሞቱት ከ250 በላይ ናቸው። በ1972 ጣሊያናዊው ጂልቤርቶ ፓርሎቲ በዝናብ ሞተ። ወዳጁ አጎስቲኒ ከዚያ በኋላ እዚያ አልሮጥም አለ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ከ1976 በኋላ ውድድሩ የዓለም ሻምፒዮና መሆኑ ቀረ። አጎስቲኒን ፈሪ ያለ ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። እኔ ግን በዚያ መንገድ አሥር ጊዜ ያሸነፈ ሰው ይበቃል ሲል ሊሰማ ይገባዋል እላለሁ።

የእህት ልጅ፦ ታዲያ እርስዎ ራስዎ ለምን ተወዳደሩ?

አጎት፦ እኔ የተወዳደርኩት በተዘጋ መሮጫ፣ ሣርና አሸዋ ባለበት፣ አምቡላንስ በቆመበት ነው። ያም ቢሆን ከአደጋ ነፃ አይደለም። ለምን ላልሽው፣ በመንገድ ላይ ሳትሰሚው የምታልፊውን ውድድር ያሰማሻል። በከበሮ ፍሬን ጥቂት ዙር ጠንክረሽ ስትሮጪ ፍሬኑ ይግላል፤ እጀታው እጅሽ ውስጥ ይለሰልሳል፤ የማቆሚያው ርቀት ይረዝማል። ያኔ ቀድመሽ መልቀቅ፣ በማርሽ መቀነስ፣ ኩርባውን ሰፋ አድርገሽ መግባት ትማሪያለሽ። ጉልበት የሌለው ነጂ ፍጥነቱን ላለማጥፋት ያስባል። ከእኔ የፈጠኑ ብዙ ነበሩ። እኔ ግን ሞተሬን ሳልሰብር ጨርሼ መግባቴን እንደ ድል እቆጥር ነበር፤ አሁንም እቆጥራለሁ።

የእህት ልጅ፦ ይህን እቀበላለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። እርስዎ ይህን እውቀት የሚሸከሙት በሰውነትዎ ነው። ሞተሩ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቢሰባበር ሁለቱም ይጠፋሉ። ሙዚየም ቢያንስ አንዱን ያተርፋል።

አጎት፦ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ሶሊሃል አጠገብ ብሔራዊው የሞተር ሳይክል ሙዚየም አለ። በ2003 መስከረም እሳት ተነሣበት። ከ300 በላይ ሞተሮች ተቃጠሉ፤ የቀለጡ ታንኮች፣ አመድ የሆኑ ኮርቻዎች፣ ከሙቀት የጎበጡ ሻንሲዎች። ከዓለም ላይ አንድ ብቻ የቀሩ ነበሩባቸው። እኔ ያን ዕለት ወሬውን ስሰማ አለቀሰ ሆዴ። አሁን ልብ በይ፤ ሙዚየሙ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ተከፈተ። ከተቃጠሉትም ብዙዎቹ ታድሰው ተመለሱ። ማን ያደሳቸው ይመስልሻል?

የእህት ልጅ፦ የሚያውቁት ሰዎች።

አጎት፦ አዎ። ቴስታታውን የሚበይድ፣ የጎማውን ሽቦ አንድ በአንድ የሚያስር፣ የድሮውን የእንግሊዝ ቡሎን ጥርስ በእጁ ዳብሶ የሚለይ ሰው። እነዚያ ሰዎች እንደዚህ ያሉ ሞተሮችን እየነዱ፣ እየሰበሩ፣ እየጠገኑ የኖሩ ናቸው። ሁሉም ሞተር መስታወት ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ከእሳቱ በኋላ የሚጠራ እጅ ባልተገኘ ነበር። ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ በ1946 ሲመሠረት አሮጌዎቹ ሞተሮች በመንገድ ላይ እንዲቆዩ ያሉት ሰዎች አርቀው አይተዋል። ስለዚህ ሙዚየሙ ይኑር፤ እኔ አልቃወመውም። ግን ሙዚየሙን የሚያኖረው ከውጭ ያለው ጋራዥ ነው።

የእህት ልጅ፦ አሳመኑኝ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። እጅ የሚያውቀው ካልተጻፈ ከእጁ ጋር ይቀበራል። የፋብሪካው ጎረቤትዎ ስንት ነገር ይዞ ሄደ?

አጎት፦ ብዙ። ገና ሳልጠይቀው ሄደ።

የእህት ልጅ፦ እንግዲያው ልንዳው ከማለቴ በፊት ሞተሩን አውርጄ ልግጠመው፤ ትናንት የገባውን ጉሎ ለማጽዳት መውረዱ አይቀርም። እርስዎ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፣ በእጅዎ እንዳይነኩ። እኔ እየሠራሁ እጽፋለሁ፤ የቫልቩን ክፍተት፣ የእሳቱን ጊዜ፣ የትኛው ቡሎን ምን ያህል እንደሚጠብቅ።

አጎት፦ ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው። ቁጥሩን ስትጽፊ ግን ድምፁንም ጻፊ፦ ሲላላ ምን ይመስላል፣ ሲጠብቅ ምን ይመስላል። ደግሞ ክፉውን እንዳታስቀሪ። ይህ ፍሬን በእርጥብ መንገድ ላይ በምን ያህል ርቀት እንደሚያቆም ለክተሽ አስፍሪ። ይህ ሞተር መቼ እግር እንደሚመታ፣ የትኛው ዓይነት ኩርባ ላይ እንደሚወዛወዝ በግልጽ ጻፊ። የእኛ ትዝታ ከእኛ በኋላ ኮርቻው ላይ የሚወጣውን ሰው አጥንት ካዳነ ያኔ ጠቅሟል። ካቻቢቴው ከመደርደሪያው ላይ ነው፤ መጀመሪያ ዘይቱን አፍስሺ።